የጡብ ግድግዳን ከውጭ መቀባት፦ ከቀለሙ በፊት ውሃው

ከጡብ ግድግዳ ተላጦ መሬት የወደቀ ቀለም ካገኛችሁ አንሱና ጀርባውን ገልብጣችሁ እዩት። የጥፍር ያህል ስባሪ ይበቃል። ጀርባው ንጹህና ለስላሳ ከሆነ ቀለሙ ከመጀመሪያውም ግድግዳውን አልያዘም፤ የተቀባው በአቧራ፣ በቅባት ወይም በሚያንሸራትት ጡብ ላይ ነው። ጀርባው ላይ እንደ ደቃቅ ስኳር የሚያብለጨልጭ ነጭ ነገር ካለ ከግድግዳው ውስጥ የወጣ ጨው ገፍቶታል። ቀይ የሸክላ ቅርፊት ይዞ ከወረደ ደግሞ ቀለሙ በደንብ ይዞ ነበር፤ የተሸነፈው ጡቡ ራሱ ነው። ከሦስቱ ሁለቱን ያመጣው ውሃ ነው፤ የትኛውም ውድ ቀለም ይህን አይለውጠውም።

ጡብ በእሳት የተጠበሰ ሸክላ ነው። ውስጡ ለዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ስለሆነ ዝናብ ሲመታው ይጠጣል፣ ፀሐይና ነፋስ ሲያገኘው መልሶ ይተነፍሰዋል። ቀለም ስንቀባ የውሃውን መግቢያ እንዘጋለን፤ ችግሩ መውጫውንም አብረን መዝጋታችን ነው። ውሃ ደግሞ በተሰነጠቀ መጋጠሚያ፣ በመስኮት ጥግ፣ ከመሬት ወይም ከሚያፈስ ቧንቧ መግባቱን አይተውም። ወደ ውጭ ሲጓዝ በጡቡና ጡቦቹን በሚያያይዘው ድብልቅ (በሞርታሩ) ውስጥ ያለውን ጨው አሟሙቶ ይወስዳል። ከቀለሙ ጀርባ ደርሶ ሲተን ጨው ብቻ ይቀራል፤ ጨው ደግሞ እየጠጠረ ሲያድግ ቦታ ይፈልጋል፣ ቀለሙንም ይገፋዋል። ውርጭ በሚበረታበት አካባቢ ነገሩ ይከፋል፤ ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ 9 በመቶ ገደማ ስለሚሰፋ የጡቡን ፊት ሳይቀር እንደ ቅርፊት ይገነጥለዋል።

ከመጀመራችሁ በፊት ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ጡብ አንዴ ከተቀባ ወደ ቀድሞ መልኩ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ቀለሙ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ይገባል። በአሸዋ ግፊት ላጽዳው የሚል ሰው በእሳት የጠነከረውን የጡቡን ውጫዊ ቆዳ አብሮ ያነሳዋል፤ ከዚያ በኋላ ጡቡ ከበፊቱ ይበልጥ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ግድግዳው ጤናማ ሆኖ መልኩ ብቻ ያልተወደደ ከሆነ መጀመሪያ በደንብ አጥባችሁ፣ መጋጠሚያውን አድሳችሁ እዩት። አብዛኛውን ጊዜ ያስጠላው ጡቡ ሳይሆን ቆሻሻውና የተበላው መጋጠሚያ ነው።

መቀባት የሌለበት ግድግዳ

ፊቱ እየተፈረፈረ ያለ ጡብ አይቀባም። ቀለም አይጠግነውም፣ ውሃውን ይዞ መፍረሱን ያፋጥነዋል። እንዲህ ያሉት ጥቂት ከሆኑ አንድ በአንድ ተነቅለው ይተኩ፤ ብዙ ከሆኑ ቀለሙን እርሱት።

አዲስ የተሠራ ግድግዳም ይቆይ። ትኩስ ሞርታር ኃይለኛ አልካላይ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ነው፤ የአሲድና የአልካላይ መለኪያ የሆነው ፒኤች መጠኑ ከ12 በላይ ይደርሳል። በዚህ ላይ የዘይት ቀለም ከተቀባ አልካላዩ የቀለሙን ዘይት ወደ ሳሙና ይለውጠዋል፤ ሳሙና የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። ውጤቱ ሲነኩት የሚያጣብቅ፣ በዝናብ የሚታጠብ ቀለም ነው። ቢያንስ 30 ቀን ይጠበቅ፤ አንድ ሙሉ የዝናብና የደረቅ ወቅት ቢያልፍበት ደግሞ የተሻለ ነው፣ የመጀመሪያው ጨው በዚያ ጊዜ ወጥቶ ያልቃል። ለማረጋገጥ ሞርታሩን በተጣራ ውሃ (አሲድ በሌለበት የባትሪ ውሃ) አርጥባችሁ የፒኤች መለኪያ ወረቀት ለአንድ ደቂቃ ያህል ጫኑበት። ከ10 በላይ ካሳየ ወይ ጠብቁ፣ ወይ አልካላይ የሚቋቋም ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚገባ መያዣ ቅብ) ተጠቀሙ።

የጭስ ማውጫን በተመለከተ ምክራችን አጭር ነው፤ አትቀቡት። ከውስጥ ሙቀትና እርጥበት፣ ከላይ ዝናብ፣ ከአራቱም አቅጣጫ ነፋስ ስላለው ከቤቱ ሁሉ ቀድሞ የሚላጠው እሱ ነው።

ውሃውን መፈለግ

ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች አንብቡት። አሸንዳው ይፈሳል? የቁልቁል ቧንቧው ከግድግዳው ጀርባ በኩል ተሰንጥቋል? በዝናብ ሰዓት ወጥታችሁ ካላያችሁት አይታወቅም። ከዚያ የመስኮት ደፎች አሉ፤ ደፉ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ከታቹ ጠብታ የሚያቋርጥ ጎድጓዳ መስመር ከሌለው ውሃው ደፉን ዞሮ በግድግዳው ላይ ይወርዳል። በመስኮቱ ሥር ጢም የመሰለ ጥቁር ዝርዝር ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። መሬት አጠገብ ደግሞ አፈር ወይም የአትክልት መደብ ግድግዳው ላይ ተከምሮ እንደሆነ እዩ። አፈሩ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ከጡቡ ዝቅ ብሎ፣ ቁልቁለቱም ከቤቱ ወደ ውጭ መሆን አለበት።

ባለ ድርብ ግድግዳ ቤት ከሆነ ከታች በኩል፣ ከመስኮትና ከበር በላይም፣ በየተወሰነ ርቀት ሞርታር የሌለባቸው ክፍት መጋጠሚያዎች ታገኛላችሁ። ሠራተኛው ረስቷቸው አይደለም። በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል የገባው ውሃ የሚወጣው በእነሱ ነው። በስቱኮ፣ በሲሊኮን ወይም በቀለም የደፈናቸው ሰው ግድግዳውን በርሜል አደረገው ማለት ነው። ከመቀባታችሁ በፊት በየቀዳዳው ቀጭን የእንጨት ስንጥር ሰክታችሁ፣ ሥራው ሲያልቅ ንቀሉት።

ሁለት ፈተናዎች አሉ፤ ሁለቱም ምንም ወጪ የላቸውም። የመጀመሪያው ጥቂት ውሃ ጡቡ ላይ መርጨት ነው። ውሃው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተመጥጦ ጡቡ ከጠቆረ ቀለም ይይዛል። እንደ ዶቃ ተንከባሎ ከወረደ ግን ጡቡ ውሃ የሚመልስ ኬሚካል ተቀብቷል ወይም ፊቱ እንደ ሳህን የተወለወለ ነው፤ ተራ ፕራይመር አይይዘውም። ለተወለወለው ጡብ ለስላሳ ገጽ የሚይዝ ልዩ ፕራይመር አለ፤ ኬሚካል ለተቀባው ግን እስኪያረጅ ከመጠበቅ የተሻለ መንገድ የለም። ፈተናውን በአንድ ቦታ ብቻ አትጨርሱ፤ ፀሐይ የሚመታውና ጥላ ያለበት ጎን ሊለያዩ ይችላሉ።

ሁለተኛው የላስቲክ ፈተና ነው። 45 በ45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ላስቲክ ቆርጣችሁ በአራቱም ጠርዝ ግድግዳው ላይ አጥብቃችሁ ለጥፉ። ከ16 እስከ 24 ሰዓት ይቆይ። ስታነሱት በውስጥ በኩል ጠብታ ከያዘ ወይም ጡቡ ከዙሪያው ጠቁሮ ከተገኘ ግድግዳው እርጥብ ነው። ቀትር ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ካደረጋችሁት መልሱ ያሳስታችኋል፤ ጥላ ምረጡ፣ አንዱን ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሌላውን ከመስኮት በታች ለጥፉ። የታችኛው ብቻ እርጥብ ከሆነ ውሃው ከመሬት እየተሳበ ነው፤ መፍትሔው መሬቱ ዘንድ ነው።

የትኛው ቀለም?

እዚህ ላይ አቋም አለን፤ ያልተቀባ ጡብ ከሆነ ከሁሉ በፊት የሲሊኬት ቀለምን ወይም ኖራን አስቡ። ሲሊኬት ቀለም እ.ኤ.አ. በ1878 በጀርመን አዶልፍ ቪልሄልም ካይም የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ነው፤ ማያያዣው ፖታሲየም ሲሊኬት ሲሆን ከጡቡና ከሞርታሩ ማዕድን ጋር በኬሚካል ይጣመራል። በላዩ ላይ የሚቀመጥ ስስ ላስቲክ ስለማይፈጥር የሚላጥ ነገር የለውም፤ ግድግዳውም መተንፈሱን ይቀጥላል። ሁለት ነገር ግን ይጠይቃል። ቀድሞ ሌላ ቀለም ያልነካው ማዕድን ይፈልጋል፤ አሮጌ ፕላስቲክ ቀለም ላይ አይሠራም። መስታወት ላይ ከተንጠባጠበም እንደዚሁ ይጣመርና ጠባሳ ይተዋል፤ ስለዚህ መስኮቱ በሙሉ ይሸፈን፣ የተረጨው ወዲያውኑ በብዙ ውሃ ይታጠብ።

ኖራ ከሁሉ የቆየውና የዋሁ ነው። ውሃ ጠጥቶ የበሰለ ኖራ በውሃ እንደ ወተት እስኪሆን ይቀጥናል፤ ወፈር ያለ ኖራ ሲደርቅ ይሰነጣጠቅና እንደ ዱቄት ይራገፋል። ጡቡ በውሃ ይርጠብ፣ ግን ውሃ አይቋጥር። በሰፊ ብሩሽ እየፈተጋችሁ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ሲቀባ ውሃ ብቻ የተቀባ ይመስላል፤ የሚነጣው ሲደርቅ ነው። ስላልታያችሁ ብቻ አትደርቡ። በየእጁ መካከል ቢያንስ አንድ ቀን ይለፍ፤ ባዶ ጡብ 4 ወይም 5 እጅ ይፈልጋል። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ወደ ድንጋይነት ሲመለስ ስለሆነ በቶሎ ከደረቀ ሳይጠነክር ይቀራል፤ ፀሐይ ሲበረታ በስሱ ውሃ እርጩበት። ቀለም ከተጨመረበት የብረት ኦክሳይድን የመሰለ ኖራ የማይበላው ማዕድን ይሁን፤ መጠኑም ከኖራው ክብደት 10 በመቶ አይለፍ። ኖራ ዓይን ያሳውራል። መነጽር ሳታደርጉ ክዳኑን እንኳ አትክፈቱ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚገዛው የውጭ አክሪሊክ፣ ማለትም በውሃ የሚቀጥን ፕላስቲክ ቀለም ነው፤ ከሥሩ አልካላይ የሚቋቋም የግንብ ፕራይመር ይገባል። ከተቀባ ግድግዳ ላይ ለመድረብ ትክክለኛው ምርጫ ይኸው ነው። የማያብረቀርቀውን ውሰዱ፤ አብረቅራቂው እንፋሎት የማሳለፍ አቅሙ ያነሰ ነው፣ የግድግዳውንም ጉድለት ሁሉ ያጎላል። ጣሳው ላይ ኤስዲ (sd) የሚል፣ ቀለሙ እንፋሎትን ምን ያህል እንደሚያግድ በሜትር የሚናገር መለኪያ ካገኛችሁ፣ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ግድግዳው በተሻለ ይተነፍሳል። በአውሮፓ መለኪያ ከ0.14 ሜትር በታች የሆነው የመጀመሪያው ደረጃ ነው፣ ከ1.4 በላይ የሆነው የመጨረሻው።

የዘይት ቀለምን ለጡብ አትጠቀሙ። እንደ ጎማ የሚለጠጠው ወፍራሙ ኢላስቶሜሪክም «ስንጥቅ ይሸፍናል» ተብሎ ይወደሳል፤ ለልስን ግድግዳ ቦታ ሊኖረው ይችላል፣ እርጥበት ለሚስብ ጡብ ግን ውሃውን ከጀርባው እንደ ፊኛ ይቋጥረዋል።

የቀለም ምርጫ የናንተ ነው፤ በጣም ጠቆር ያለ ቀለም ግን ፀሐይ በሚመታው ጎን ግድግዳውን ስለሚያግል በቀንና በሌሊት መካከል ያለው መስፋትና መኮማተር ይበዛል፣ ቀለሙም ቶሎ ይደበዝዛል።

ማጽዳት

ነጩ ጨው በደረቅ ብሩሽ ነው የሚነሳው። መጀመሪያ ውሃ ካፈሰሳችሁበት ይሟሟና ተመልሶ ጡቡ ውስጥ ይገባል፤ ግድግዳው ሲደርቅ እንደገና ይወጣል። በናይለን ጠንካራ ብሩሽ ጥረጉት፣ የወደቀውንም ከግድግዳው ሥር አንሱት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ እጠቡ። የሽቦ ብሩሽ አትጠቀሙ፤ ሽቦው እየተሰበረ ቀዳዳ ውስጥ ይቀርና ከጥቂት ወር በኋላ በአዲሱ ቀለም ላይ የዝገት ነጥብ ሆኖ ይወጣል። አልነሳ ላለ ጨው አቼቶ ይሞከር። ከዚያ አልፎ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የግድ ከሆነ 1 እጅ አሲድ በ10 እጅ ውሃ ይቅጠን፤ አሲዱ ውሃው ላይ ይጨመራል እንጂ ውሃው አሲዱ ላይ አይጨመርም፣ ይፈነጥቃልና። ግድግዳው አስቀድሞ በውሃ ይጠግብ፣ አሲዱ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይቆይ፣ በብዙ ውሃ ይታጠብ። አሲድ ሞርታሩንም እንደሚበላ አትርሱ።

ጨው ታጥቦ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከተመለሰ ውሃው አሁንም እየገባ ነው። ማጠቡን አቁማችሁ ወደ ፍለጋው ተመለሱ።

ሻጋታና አረንጓዴ ሽበት ያለበት ቦታ 1 እጅ በረኪና በ3 እጅ ውሃ ተቀጥኖ ይቀባበት፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሳይደርቅ ይቆይ፣ ተፈትጎ ይታጠብ። ሳይገደል የተቀባበት ሻጋታ ከቀለሙ ሥር ማደጉን አይተውም። በረኪናን ከአሲድ፣ ከአቼቶ ወይም ከአሞኒያ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። በአንድ ቀን ሁለቱንም በአንድ ግድግዳ ላይ አትጠቀሙ።

የግፊት ማጠቢያ ማሽን ካላችሁ ከ70 ባር አይለፍ፤ አፉ ውሃውን በ40 ዲግሪ የሚዘረጋው ይሁን፣ ከግድግዳው 30 ሴንቲ ሜትር ራቁ። እንደ መርፌ የሚወጋው ጠባብ አፍ ሞርታሩን ጠርቦ ያወጣዋል። ወደ ላይ አትርጩ። ከታጠበ በኋላ ቢያንስ 2 ወይም 3 ደረቅ ቀን ይለፍ፤ ጥላ ያለበት ጎን እስከ ሳምንት ሊፈልግ ይችላል። የላስቲኩን ፈተና የምትደግሙት አሁን ነው።

አሮጌ ቀለም ካለ በስለታም ምላጭ የኤክስ ምልክት እስከ ጡቡ ድረስ ቅደዱበት፣ ጠንካራ ፕላስተር ጫኑበት፣ በፍጥነት ላጡት። ቀለም ይዞ ከመጣ ያ ቦታ በሙሉ ይፋቅ፤ ላላ ያለ ቀለም ላይ የተደረበ አዲስ ቀለም እሱኑ ይዞ ይወርዳል። በእጃችሁ ስትጠርጉት እንደ ጠመኔ የሚነጣ ቀለም ከሆነም ታጥቦ የጠመኔውን ቅሪት የሚያስር ፕራይመር ይቀባ። ቤቱ አሮጌ ከሆነ የድሮው ቀለም እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖርበት ይችላል፤ የእርሳስ አቧራ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ሳይመረመር በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፣ በእሳትም አታቃጥሉት። አርጥባችሁ ፋቁ፣ ሥሩ ላስቲክ አንጥፉ፣ ደቃቅ አቧራ የሚያጣራ ጭንብል አድርጉ።

መጋጠሚያውን መጠገን

በቁልፍ ጫፍ ሞርታሩን ጫሩት። እንደ አሸዋ ከፈረሰ መታደስ አለበት። የተበላው የመጋጠሚያው ስፋት ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል እጥፍ ጥልቀት ድረስ ይወጣል፤ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው መጋጠሚያ ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ላዩን ብቻ የተለቀለቀ ሲሚንቶ በአንድ ወቅት ይገነጠላል። ጉድጓዱ ከአቧራ ጸድቶ ይረጥባል፣ ከዚያ በሁለት ወይም በሦስት ድርብርብ እየተጠቀጠቀ ይሞላል።

ድብልቁ 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 1 እጅ ኖራ፣ 6 እጅ አሸዋ ነው። ሲሚንቶ ሲበዛ ይጠነክራል ብሎ መጨመር ከባድ ስህተት ነው፤ ሞርታሩ ሁልጊዜ ከጡቡ ደከም ያለ መሆን አለበት። ግድግዳ ሲንቀሳቀስ የሚሰነጠቀው መጋጠሚያው ከሆነ በአንድ ቀን ይጠገናል፤ ሞርታሩ ከበረታ የሚሰነጠቀው ጡቡ ነው። የጥንት ለስላሳ ጡብ ከሆነ ሲሚንቶ ሳይገባበት 1 እጅ ኖራ በ3 እጅ አሸዋ ይሁን። የተሞላው መጋጠሚያ ለጥቂት ቀናት በውሃ እየረጠበ ይቆይ፤ አክሪሊክ ከመቀባቱ በፊት 4 ሳምንት ገደማ ይጠበቅ።

ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ በፕራይመሩ ይሞላል። ከዚያ የሰፋው፣ በመስኮትና በበር ዙሪያ ያለውም ክፍተት፣ ቀለም በሚቀበል አክሪሊክ ወይም ፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ይዘጋ። ተራ ሲሊኮን ላይ ቀለም አይይዝም፤ ከገባ በኋላ ለማስለቀቅም መከራ ነው። መጋጠሚያውን ተከትሎ እንደ ደረጃ የሚወጣ፣ ጣት የሚያስገባ ወይም እየሰፋ የሚሄድ ስንጥቅ ካለ ግን መሠረቱ እየተንቀሳቀሰ ሊሆን ይችላል፤ መሐንዲስ ሳያየው ምንም አትሸፍኑ።

መጠኑን ማስላት

9 በ7 ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው 2.8 ሜትር ከፍታ ያለው ቤት እንውሰድ። ዙሪያው 32 ሜትር ነው፤ በ2.8 ሲባዛ 89.6 ካሬ ሜትር። ሁለት በር 0.9 በ2.1 እና ስድስት መስኮት 1.2 በ1.2 ሲቀነስ (12.4 ካሬ ገደማ) 77 ካሬ ይቀራል። ጣሳው ላይ «በሊትር ከ10 እስከ 12 ካሬ» የሚለው ለለስላሳ ልስን ነው። ጡብ ሻካራ ነው፣ መጋጠሚያውም ገብ ያለ ስለሆነ ተጨማሪ ገጽ አለው። ባዶ ጡብ ላይ ፕራይመርን በሊትር 5 ካሬ፣ የመጀመሪያውን እጅ ቀለም 7፣ ሁለተኛውን 9 ብላችሁ አስሉ። ለዚህ ቤት ፕራይመር 15.4 ሊትር፣ ቀለም 11 ሲደመር 8.6 ማለትም 19.6 ሊትር ይመጣል። ለብክነት 10 በመቶ ሲጨመር 17 ሊትር ፕራይመርና 22 ሊትር ቀለም ነው። ሙሉውን ከመግዛታችሁ በፊት በአንድ ትንሽ ጣሳ 1 ካሬ ሜትር ለክታችሁ ቀቡና ምን ያህል እንደጠጣ እዩ፤ በጣም ሻካራ ጡብ ከዚህም በላይ ይወስዳል።

ሁሉንም ጣሳ ከመጀመራችሁ በፊት በትልቅ ባልዲ አንድ ላይ ቀላቅሉት። ሁለት ጣሳ ተመሳሳይ ቁጥር ቢኖረውም በመጠኑ ሊለያይ ይችላል፤ ልዩነቱ ግድግዳው መሃል ላይ ከወጣ አይደበቅም።

መቀባቱ

አየሩ ከ10 እስከ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ይሁን፤ እርጥበቱ ከ85 በመቶ አይለፍ፣ ለ24 ሰዓት ዝናብ አይጠበቅ። ፀሐይ የሚያግለው ግድግዳ ላይ አትቀቡ፤ ቀለሙ ወደ ቀዳዳው ሳይገባ ላዩ ላይ ይደርቃል። ጥላውን ተከትላችሁ ቤቱን ዙሩ። ማታ ጤዛ ከመውረዱ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ቀደም ብላችሁ አቁሙ።

መሣሪያው ፀጉሩ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ሩሎ፣ ረጅም ዘንግ እና 10 ሴንቲ ሜትር የናይለን ብሩሽ ነው። ለልስን ግድግዳ የሚሆነው አጭር ፀጉር ሩሎ የጡቡን ፊት ብቻ ነክቶ መጋጠሚያውን ያልፈዋል። መጀመሪያ ብሩሹን በቀለም አጥግባችሁ አግድም መጋጠሚያዎቹን፣ ቀጥሎ ቋሚዎቹን እየወጋችሁ ሙሉ፤ ሳይደርቅ በሩሎ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ በሰያፍ ሂዱበት። አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ስፋት እየያዛችሁ ውረዱ፤ የቀደመው ጠርዝ እርጥብ እያለ ቀጣዩን አጋጥሙት። ማቆም ካለባችሁ ማዕዘን፣ የመስኮት መስመር ወይም ቧንቧ ዘንድ አቁሙ። መሃል ግድግዳ ላይ ከቆመ ድርቡ መስመር ሆኖ ይቀራል።

ሁሉም የሚያመልጠው አንድ ቦታ አለ። እያንዳንዱ ጡብ ከመጋጠሚያው ትንሽ ወጣ ስለሚል የታችኛው ጠርዙ ከቆማችሁበት አይታይም። መሰላል ላይ ያለ ሰው ከላይ ሲያየው ግድግዳው ያለቀ ይመስለዋል፤ መሬት ላይ ሆኖ ቀና ሲል ግን በየረድፉ ሥር ቀይ ክር ይታየዋል። ስለዚህ በየአንዳንዱ ክፍል ወርዳችሁ ከሥር ወደ ላይ እዩ። ሲመሽ የእጅ ባትሪ ግድግዳው ላይ አስጠግታችሁ በአግድም አብሩ፤ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉትም ይወጣሉ። ውሃ የሚገባው በእነዚያ ነው።

ፕራይመሩ ከ4 ሰዓት እስከ አንድ ቀን እንደ ጣሳው መመሪያ ይድረቅ። የመጀመሪያው እጅ ጡቡ በጣም የሚጠጣ ከሆነና መመሪያው ከፈቀደ እስከ 10 በመቶ ውሃ ሊጨመርበት ይችላል፤ ሁለተኛው ሳይቀጥን ይቀባ። አንድ ወፍራም እጅ ሁለት ስስ እጅን አይተካም፤ ይወርዳል፣ ላዩ ደርቆ ውስጡ ይቀራል።

በመርጫ ማሽን የምትሠሩ ከሆነ አፉ ከ0.017 እስከ 0.021 ኢንች ይሁን፣ ከግድግዳው 30 ሴንቲ ሜትር ራቁ። አንዱ ሲረጭ ሌላው ወዲያው በሩሎ ይከተለው፤ ያለ ሩሎ የተረጨ ቀለም ቀዳዳው ላይ ድልድይ ይሠራል እንጂ አይገባም። እጃችሁን ከማሽኑ አፍ ፊት በፍጹም አታድርጉ። ግፊቱ ቀለሙን በቆዳ ሥር ያስገባዋል፤ ቁስሉ የመርፌ ወጋ ያህል ቢመስልም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት የሚያስኬድ አደጋ ነው።

መሰላሉ ለእያንዳንዱ 4 ሜትር ቁመት 1 ሜትር ከግድግዳው ይራቅ። ከኤሌክትሪክ መስመር ቢያንስ 3 ሜትር ራቁ፤ የብረት ዘንግ ያለው ሩሎ ስታነሱ ያንን ርቀት ዘንጉን ጨምራችሁ ቁጠሩት።

ከተቀባ በኋላ

በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ጤዛ ከወረደ በመስኮት ሥር የሚያጣብቅ ቡናማ ዝርዝር ሊታይ ይችላል። አክሪሊኩ ውስጥ ያለ ሳሙና መሰል ነገር ነው የወጣው፤ በንጹህ ውሃ ታጥቦ ይሄዳል፣ እንደገና መቀባት አያስፈልግም። ቀለሙ ሲነካ በሰዓታት ቢደርቅም ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት 30 ቀን ገደማ ይፈልጋል፤ እስከዚያ በግፊት አይታጠብ፣ ተክልም አይደገፍበት።

የወረቀት ፕላስተሩን የመጨረሻው እጅ ጨርሶ ሳይደርቅ ላጡት። የውሃ መውጫዎቹ ላይ የሰካችሁትን ስንጥር ሁሉ ቁጠሩና ንቀሉ፤ ከገቡት አንድ ካነሰ ፈልጉት። የተረፈውን ቀለም አፉ ጥብቅ በሆነ ትንሽ ዕቃ እስከ አፉ ሞልታችሁ፣ የቀለሙን ቁጥርና የተቀባበትን ቀን በላዩ ጽፋችሁ፣ ፀሐይና ውርጭ በማያገኘው ቦታ አስቀምጡ።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲያባራ በማግስቱ ቤቱን ዙሩ። ግድግዳው ሁሉ ደርቆ አንድ ቦታ ብቻ ጠቁሮ ከቀረ፣ ወይም ጣት ሲጫነው የሚገባ ትንሽ እብጠት ከተገኘ፣ በዚያው ቀን በምላጭ ቅደዱት። ውሃ ከወጣ ከላዩ ያለውን አሸንዳ፣ ደፍ ወይም መጋጠሚያ ፈልጋችሁ አስተካክሉ፤ ጨው ከወጣ በደረቁ ጥረጉት። ቦታው ሳይደፈን አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ክፍት ሆኖ ይድረቅ፣ ከዚያ ፕራይመርና ሁለት እጅ ቀለም ይግባበት።